የአሥራ ሁለቱ እርከኖች ቡድን ካልተስማማዎት መጠጥ እንዴት ያቆማሉ?

ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ ከሚታገሉ ሰዎች ጋር ስለምሠራ አንድ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል፦ «ወደ አሥራ ሁለቱ እርከኖች ስብሰባ ሄጄ አልሆነልኝም፤ ሌላ መንገድ አለ ወይ?» አሥራ ሁለቱ እርከኖች አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው የመረዳጃ ማኅበር አባላት ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚከተሏቸው ደረጃዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ጠያቂ በተናጠል ከምመልስ መልሱን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

አዎ፣ አለ። ከቡድኑ የሚወጡ ሰዎች ቅሬታ ይመሳሰላል። «በአልኮል ላይ አቅም የለኝም» ብሎ መጀመር ተስፋ የሚያስቆርጠው አለ። ከራስ በላይ ለሆነ ኃይል እጅ መስጠት ከእምነቱ ወይም ካለማመኑ ጋር የሚጋጭበት አለ። ጥፋቱን በሰው ፊት መናገር የሚከብደው፣ አንድ ምሽት ስለጠጣ ወራት የቆጠረው ሁሉ ወደ ዜሮ የተመለሰበት፣ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ስለወሰደ «አንተ ገና አልነጻህም» የተባለም አለ። ቅሬታዎቹ ትክክለኛ ናቸው። ቡድኑ አይረባም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ተቋም ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ በተጻፈ መመሪያ የሚሰጠው የእርከኖቹ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ በመታቀብ ረገድ ከሌሎች የሥነ ልቦና ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው፣ በሌሎች መለኪያዎች ግን ተቀራራቢ እንደሆነ አግኝቷል። የሚረዳዎት ከሆነ አይውጡ።

ከወጡ ደግሞ ባዶ እጅዎን አይውጡ። ቡድኑ ለአባሉ አራት ሥራ ይሠራለታል፦ ከማይጠጡ ሰዎች ጋር ያገናኘዋል፤ ባዶ ምሽቱን ይሞላለታል፤ ሲጨንቀው የሚደውልለት ሰው ይሰጠዋል፤ ራሱን በመደበኛነት እንዲመረምር ያደርገዋል። ስብሰባውን ትቶ እነዚህን አራቱን በምንም ያልተካ ሰው ብዙ ጊዜ ያገረሽበታል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ እነሱን ለመተካት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ምንም ከማድረግዎ በፊት ይህን ያንብቡ

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። አልኮል የአንጎልን ሥራ እንደ ፍሬን ያዘገያል። አንጎል ይህን ለማካካስ ለወራትና ለዓመታት ራሱን ከልክ በላይ ያነቃል። ፍሬኑ በአንድ ቀን ሲነሳ ያ ከልክ ያለፈ ንቃት ብቻውን ይቀራል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። ራስን ስቶ መንፈራገጥ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ይመጣል። ከሁሉ የከፋው ትኩሳት፣ መቃዠትና ቦታንና ጊዜን መሳት የሚያስከትለው ዲሊሪየም ትሬመንስ ነው፤ ይህ የሚታየው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ነው። ስለዚህ «የመጀመሪያውን ቀን አለፍኩት፣ ዳንኩ» ብለው አይዘናጉ።

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለብዎት ያለ ሐኪም አያቁሙ፦

- ጠዋት ካልጠጡ እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚያልብዎት ከሆነ
- ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ራስዎን ስተው ከተንፈራገጡ ወይም የሌለ ነገር ካዩና ከሰሙ
- ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም የልብ፣ የጉበት ወይም የሚጥል በሽታ ካለብዎት
- የእንቅልፍ ወይም የማረጋጊያ ኪኒን አብረው የሚወስዱ ከሆነ
- ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚመጣብዎት ከሆነ
- አብሮዎት የሚያድር ሰው ከሌለ

ካቆሙ በኋላ መንፈራገጥ፣ ትኩሳት፣ ግራ መጋባት፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም ቅዠት ከታየ ጉዳዩ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ነው። እስኪነጋ አይጠብቁ።

የሚያስፈልጉዎት ነገሮች

- ደብተርና እስክርቢቶ (ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ደብተር ግን ለሐኪም ለማሳየት ይመቻል)
- ሚሊ ሊትር የሚያሳይ መለኪያ
- ሐኪም፣ ቢያንስ ለአንድ ቀጠሮ
- የማይጠጣ ወይም በእርስዎ ፊት ላለመጠጣት የሚስማማ አንድ የሚያምኑት ሰው
- በአካል መሄድ ካልቻሉ በኢንተርኔት ስብሰባ የሚገቡበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር

1. ለአንድ ሳምንት የሚጠጡትን ይለኩ

በዚህ ሳምንት ምንም አይቀንሱ፤ መመዝገቡ ብቻ ነው ሥራው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የመጠጡን ሚሊ ሊትር በአልኮሉ ፐርሰንት ያባዙ፣ ለ100 ያካፍሉ፣ ከዚያ በ0.8 ያባዙ። የሚያገኙት የንጹህ አልኮል ግራም ነው። 500 ሚሊ ሊትር፣ 5 ፐርሰንት ቢራ 20 ግራም ይሆናል። ከዚህ በታች የምጠቅሰው የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ አንድ መጠን የሚለው 10 ግራምን ስለሆነ አንዱ ቢራ በእሱ ቋንቋ ሁለት ነው። ቤት ውስጥ በዓይን የሚቀዳ ጠንካራ መጠጥ ብዙ ጊዜ ከሚገምቱት ይበልጣል፤ መለኪያው ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ግራሙን ብቻ አይጻፉ። አንድ መስመር ይህን ሊመስል ይገባል፦

«ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:30። ብቻዬን። ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጭቄ የመጣሁ ዕለት። ሁለት ቢራ፣ 40 ግራም። ከመጠጣቴ በፊት፦ ደረቴ ተጨንቋል፣ ምሳ አልበላሁም።»

ከሳምንት በኋላ ደብተሩን ሲያነቡ አንድ ሰዓት፣ አንድ ቦታ ወይም አንድ ስሜት ተደጋግሞ ያገኙታል። በደረጃ 5 እና 7 የሚሠሩበት በዚሁ ነው። ጎን ለጎን ኦዲት የሚባለውን የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ይሙሉ። ጥያቄዎቹ 10 ናቸው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ነው። 8 እና ከዚያ በላይ ለጤና አስጊ አጠጣጥን፣ 20 እና ከዚያ በላይ ጥገኝነት ሊኖር እንደሚችል ያሳያል።

2. ማቆም ወይስ መቀነስ እንደሚፈልጉ ይወስኑ

ጥገኝነት ካለ፣ ሲያቆሙ የሚያምዎት ከሆነ፣ ጉበትዎ ከተጎዳ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ግቡ ማቆም ይሁን። መቀነስ የሚያዋጣው ችግሩ ገና ቀላል ለሆነበት ሰው ነው። ለመቀነስ የሚረዳው ሞደሬሽን ማኔጅመንት የተባለው ማኅበርም ቢሆን ጀማሪውን መጀመሪያ 30 ቀን ሳይጠጣ እንዲቆይ ይመክራል። ይህ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ 30 ቀን መቆየት ያቃተው ሰው ስለ ግቡ መልሱን አግኝቷል።

ከዚያ አንድ ገጽ በአራት ይክፈሉ፦ መጠጣት የሚሰጠኝ ጥቅም፣ መጠጣት የሚያስከፍለኝ፣ ማቆም የሚሰጠኝ ጥቅም፣ ማቆም የሚያስከፍለኝ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ክፍል ባዶ አይተዉ። «ያስተኛኛል»፣ «ከሰው ጋር ያጫውተኛል» ከሆነ እውነቱ፣ ይጻፉት። የመጠጥን ጥቅም ክዶ ያቆመ ሰው እንቅልፍ ያጣ ዕለት ይደነግጣል። ጽፎት የነበረ ሰው ግን ለእንቅልፉ ሌላ መፍትሔ አስቀድሞ ያዘጋጃል።

3. ሰውነትዎን በሐኪም ክትትል ከአልኮል ያጽዱ

ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። «አንዳንዴ እጠጣለሁ» አይበሉ፤ ቁጥሩን ያሳዩ። ሕክምናው በቤት ይሁን ወይስ በሆስፒታል ሐኪሙ የሚወስነው በመጠኑና ባለፈው ታሪክዎ ነው፤ አሳንሰው ከነገሩት አሳንሶ ያክምዎታል።

ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው እንደ ዲያዜፓም ወይም ክሎርዲያዜፖክሳይድ ያለ መድኃኒት ነው፤ ለጥቂት ቀናት እየቀነሰ ይሰጣል። የተነሳውን ፍሬን ለጊዜው ተክቶ አንጎልን ቀስ ብሎ ያወርደዋል። ከአልኮል ጋር ከተወሰደ ግን ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። የተረፈውን ኪኒን ለሌላ ጊዜ አያስቀምጡ፤ ራሱ ሱስ ያስይዛል።

ሁለተኛው ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1 ነው። ካልታዘዘልዎት ይጠይቁ። ለረጅም ጊዜ ብዙ የጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል፤ እጥረቱ ዓይንን ያወዛውዛል፣ አረማመድን ያዛባል፣ ሰውን ግራ ያጋባል፣ ካልታከመ ደግሞ የማይመለስ የማስታወስ ችግር ያስከትላል። ግሉኮስ የሚሰጥ ከሆነም ታያሚኑ መዘግየት የለበትም።

ሐኪም ጋር እስኪደርሱ ቀናት የሚወስድ ከሆነ በድንገት አያቁሙ። እየለኩ ቀስ በቀስ ይቀንሱ፤ መንቀጥቀጥ ከጀመረዎት የቀነሱት ፈጥኖብዎታል ማለት ነው።

4. ስለ መድኃኒት ይጠይቁ

ከስብሰባ የሚመጡ ሰዎች በብዛት ያልሰሙት ይህን ነው። አልኮልን ለመተው የሚረዱ፣ ሱስ የማያስይዙ መድኃኒቶች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ናልትሬክሶንንና አካምፕሮሴትን ለዚሁ ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። «መድኃኒት የወሰደ አልተወም» የሚል አባል ከገጠመዎት፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ራሱ አባላቱ በሐኪም ሥራ እንዳይገቡ እንደሚያሳስብ ይወቁ።

ናልትሬክሶን መጠጥ የሚሰጠውን ደስታ ይቀንሳል፣ አምሮትንም ያበርዳል። የተለመደው መጠን በቀን 50 ሚሊ ግራም ነው። ገና እየጠጡም ሊጀመር ይችላል። ሊያቅለሸልሽ ስለሚችል ከምግብ በኋላ ይውሰዱት። እንደ ሞርፊን፣ ኮዴይንና ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን የሚወስድ ሰው ግን ፈጽሞ መጀመር የለበትም፤ በቅጽበት ከባድ ሕመም ያመጣበታል። ጉበትዎም አስቀድሞ ይመርመር።

አካምፕሮሴት ካቆሙ በኋላ የሚቀረውን መቁነጥነጥና አምሮት ያረጋጋል። በቀን ሦስት ጊዜ 666 ሚሊ ግራም ይወሰዳል። ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ጉበቱ ለታመመ ሰው ይመቻል፤ ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ግን አይሆንም። ከባዱ ነገር በቀን ሦስት ጊዜ ማስታወሱ ነው፤ ስልክዎ ላይ ማንቂያ ይሙሉ።

ዳይሰልፊራም በተለየ መንገድ ይሠራል። ሰውነት አልኮልን የሚሰባብርበትን መንገድ መሃል ላይ ስለሚዘጋ፣ የወሰደ ሰው ቢጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ ይመታል፤ ለሕይወት አስጊም ሊሆን ይችላል። ይህ አደጋ የመጨረሻው ኪኒን ከተዋጠ እስከ 14 ቀን ድረስ ይቆያል። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫና ሽሮፕም ያስነሳዋል። የሚሠራው በፈቃድ፣ በተለይ ደግሞ የሚያምኑት ሰው በየጠዋቱ እያየ ሲወስዱት ነው። ለቤተሰብ አጥብቄ የምለው፦ ይህን መድኃኒት ሳይነግሩት በምግብ ወይም በመጠጥ ውስጥ ለማንም አይስጡ። ሳያውቅ ቢጠጣ ሊገድለው ይችላል።

5. አራቱን ሥራዎች አንድ በአንድ ይተኩ

ከማይጠጡ ሰዎች ጋር ለመገናኘት። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው ስማርት ሪከቨሪ የተባለው የመረዳጃ ቡድን ከሃይማኖት ነጻ ነው፤ ሥራውም በአራት ነገሮች ላይ ነው፦ የማቆም ፍላጎትን ማጠንከር፣ አምሮትን መቋቋም፣ ሐሳብንና ባህሪን መምራት፣ ሚዛኑን የጠበቀ ኑሮ መኖር። በደረጃ 2 ያየነው ባለ አራት ክፍል ገጽ ከመሣሪያዎቹ አንዱ ነው። ላይፍሪንግም ከሃይማኖት ነጻ ሲሆን እያንዳንዱ አባል የራሱን ዕቅድ ይሠራል። ዊሜን ፎር ሶብራይቲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለሴቶች የተመሠረተ ነው፤ ትኩረቱም አቅም ማጣትን ከመቀበል ይልቅ ለራስ ያለን ግምት መገንባት ላይ ነው። ሦስቱም በኢንተርኔት ስብሰባ ስላላቸው ርቀት አያግድዎትም። እምነት ያላቸው ሰዎችም ችግሩ ቡድኑ እንጂ እምነቱ ካልሆነ የራሳቸውን እምነት ከሕክምና ጋር አጣምረው መሄድ ይችላሉ።

አንድ ስብሰባ አይተው አይፍረዱ፤ ሦስት የተለያዩ ይግቡ። ሲገቡ ይጠይቁ፦ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዴት ይታያል? ያገረሸበት ሰው ምን ይባላል? መቅረት ብፈልግስ? መልሱ ማስፈራሪያ ካለበት ይውጡ።

በሐኪም ወይም በአማካሪ ለሚሰጥ የንግግር ሕክምና ዕድሉ ካለዎት፣ ሐሳብንና ባህሪን የሚያርመውን ሲ.ቢ.ቲ.ን ወይም የሰውየውን ኑሮ ከመጠጥ ይበልጥ አጓጊ ለማድረግ የሚሠራውን የማኅበረሰብ ማጠናከሪያ ዘዴ ይጠይቁ። በፍርድ ቤት ወይም በአሠሪ ትእዛዝ ስብሰባ የሚሄዱ ከሆነ በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ፤ ሌላ ፕሮግራም ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

ምሽትን ለመሙላት። በደብተርዎ ላይ ተደጋግሞ የወጣውን ሰዓት ይውሰዱና ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ የሚጀምር፣ ሌላ ሰው የሚጠብቅዎት ነገር ያስገቡበት፦ ትምህርት፣ ስፖርት፣ ዘመድ ጥየቃ። ብቻዎን የሚሠሩት ነገር በደከሙ ቀን ይቀራል፤ የሚጠብቅዎት ሰው ካለ ግን ይሄዳሉ።

ለሚደውሉለት ሰው። በቡድኑ ስፖንሰር የሚባለውን፣ አዲሱን አባል የሚደግፈውን ነባር አባል የሚተካ ማለት ነው። ሰውየውን ዝም ብለው «እርዳኝ» አይበሉት፤ ምን እንደሚያደርግ ይንገሩት፦ «አምሮት ሲመጣብኝ እደውልልሃለሁ። እንዳትመክረኝ፣ እንዳትቆጣኝ። ሃያ ደቂቃ ስለ ሌላ ነገር አጫውተኝ።» ብዙ ወዳጅ የሚሸሸው ምን ማድረግ እንዳለበት ስለማያውቅ ነው። እሱ ስልክ ባያነሳ የሚደውሉለት ሁለተኛ ሰውም ይኑር።

ራስን ለመመርመር። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ደብተርዎን ከፍተው አሥራ አምስት ደቂቃ ያንብቡ። ምን ሠራ? ምን አልሠራም? የሚቀጥለው ሳምንት አስቸጋሪ ሰዓት መቼ ነው?

6. ቤትዎን ያጽዱ

መጠጡን ከቤት ያውጡ። ይህን የሚያደርጉት ግን ደረጃ 3ን ከጨረሱ በኋላ ወይም ሐኪሙ በነገረዎት ቀን ነው። በእጅ የሌለ መጠጥ አምሮት እስኪበርድ የሚያስፈልገውን ጊዜ ይገዛል። አልኮል የለሽ የሚባለውን ቢራም በመጀመሪያዎቹ ወራት ይተዉት፤ እስከ 0.5 ፐርሰንት አልኮል ሊኖረው ይችላል፣ ሽታውና ጠርሙሱ ደግሞ አምሮት ይቀሰቅሳሉ።

7. አምሮት ሲመጣ

አምሮት እስኪጠጡ ድረስ እየጨመረ የሚሄድ ይመስላል። አይሄድም፤ ይነሳል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ይህን ማመን የሚቻለው በራስ ላይ ሲያዩት ነው። ሰዓቱ ከምሽቱ 1:40 ነው እንበል፦

- 1:40 ላይ ሰዓቱንና የአምሮቱን ኃይል ከ0 እስከ 10 ይጻፉ። «8» ብለው ጻፉ እንበል። መጻፉ ስሜቱን ከራስዎ ለይተው እንዲያዩት ያደርጋል።
- ካሉበት ክፍል ወዲያው ይውጡ። የቆሙበት ቦታ ራሱ የአምሮቱ አካል ነው።
- የሚበላ ነገር ይብሉ፣ ውኃ ይጠጡ። ረሃብና ጥም ራሳቸውን አምሮት አስመስለው ይመጣሉ።
- 1:45 ላይ ይደውሉ።
- 2:05 ላይ ቁጥሩን እንደገና ይጻፉ። 4 ወይም 3 ሆኖ ያገኙታል። ካልወረደ ከአንደኛው ይጀምሩ።

ጥቂት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ደብተሩ ላይ የራስዎ ማስረጃ ይኖርዎታል። የሚጋብዝ ሰው ፊት ደግሞ ረጅም ማብራሪያ አይስጡ፤ «አልጠጣም፣ አመሰግናለሁ» ይበቃል። ምክንያት ሲደረድሩ ጋባዡ ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ ይፈልግለታል።

8. ቢያገረሽብዎት

አንድ ብርጭቆ የጠጣን ሰው ወደ ጠርሙሱ የሚወስደው በብዛት «አበላሸሁት፣ እንግዲህ ምን ቀረ» የሚለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እዚያው ላይ ማቆም፣ ቦታውን መልቀቅና መደወል ነው። መውቀሱ ይቆይ።

ቆጠራውን ከዜሮ አይጀምሩ። በ90 ቀን ውስጥ ሁለት ቀን ከጠጡ 88 ቀን አልጠጡም፤ በደብተርዎ ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው። በማግስቱ ከመጠጣትዎ በፊት የነበሩትን ሦስት ሰዓታት መለስ ብለው ይጻፉ፤ ቀዳዳው ያለው እዚያ ነው።

ሁለት አደጋዎችን ግን ይወቁ። ለሳምንታት ያልጠጣ ሰውነት የድሮውን መጠን አይችልም፤ ያው መጠን ሊመርዝዎት ይችላል። ለተከታታይ ቀናት ብዙ ጠጥተው ከሆነ ደግሞ እንደገና በድንገት አያቁሙ፤ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ።

9. በሦስተኛው ወር ከሐኪሙ ጋር ይገምግሙ

መድኃኒቱ ቢያንስ ለስድስት ወር መቀጠሉ የተለመደ ነው። «ተሻለኝ» ብለው ራስዎ አያቋርጡት። እየወሰዱ አሁንም እየጠጡ ከሆነ ስለ ሌላ መድኃኒት ወይም ተኝቶ ስለ መታከም ይነጋገሩ።

በብዛት የሚፈጸሙ ስህተቶች

- ምትክ ሳያገኙ ስብሰባውን መተው። አዲሱ ቡድን እስኪለመድ ሁለቱንም ማስኬድ ይቻላል።
- ከቀድሞ ቡድን አባላት ጋር ሙግት ውስጥ መግባት። እነሱን የረዳቸው መንገድ ነው፤ ጉልበትዎን ለማታው አምሮት ያቆዩት።
- እንቅልፍ እምቢ ሲል የእንቅልፍ ኪኒን ከጓደኛ መዋስ። የእንቅልፍ መዛባት ለሳምንታት መቆየቱ የተለመደ ነው፤ ለሐኪም ይንገሩ።
- ድብርትን ወይም ጭንቀትን «መጠጡ ሲቆም ይለቃል» ብሎ መተው። ካቆሙ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካልለቀቀ ራሱን ችሎ ይታከም።

የሚጠጣው ሌላ ሰው ከሆነ

ለባል፣ ለልጅ ወይም ለወንድም የሚጨነቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ በቁጣ ጠርሙሱን ይደፋሉ ወይም በር ይቆልፉበታል። ሰውየው ጥገኛ ከሆነ ይህ ያለ ሐኪም በድንገት ማስቆም ነውና አያድርጉት። ክራፍት የሚባል ለቤተሰብ የተዘጋጀ ስልጠና አለ፤ የሚያስተምረውም ሳይጠጣ በዋለበት ሰዓት አብሮ መሆንን፣ ሲጠጣ ገለል ማለትን፣ ስካሩ ያመጣውን ጣጣ ለሱ መተውን ነው። ስለ ሕክምና የሚያነሱት ሰክሮ ሳለ አይሁን፤ ጠዋት፣ አእምሮው ጠርቶ ሳለ፣ የሐኪሙን ቀጠሮ ቀንና ሰዓት አስቀድመው ይዘው ያነጋግሩት። እሺ ካለ በዚያው ቀን ይዘውት ይሂዱ።